ለደስይበለው ልብ የተፈቀደ ዕረፍት

ትናንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቁጭ ባልኩበት ሕልም አየሁ። ሌሊት አይቼው ቢሆን ኖሮ ለማንም አልናገረውም ነበር። የቀን ሕልም ግን እንዲህ በቀላሉ የሚተወኝ አልሆነም፤ ስለዚህ እንዳየሁት ልንገራችሁ።

ኤርሲዶ እባላለሁ፤ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። በሰሜን ቻይና፣ በአንዲት ቀዝቃዛ ከተማ፣ የሕብረተሰብ ጤና ለሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ። በውጭ አገር ተማሪዎች መኖሪያ አራተኛ ፎቅ ላይ ከቡሬው ልጅ ከደስይበለው ጋር አንድ ክፍል እንጋራለን። እሱ መሐንዲስ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኮንክሪት በማሽን እየጨመቀ፣ ምን ያህል ጫና ሲያርፍበት እንደሚሰነጠቅ ይመዘግባል።

ሕልሙ የጀመረው የክፍላችንን በር ስከፍት ነው። ኮሪደሩ በሰልፍ ተሞልቷል። የተሰለፉት ግን ተማሪዎች አልነበሩም። የሬጅስትራር ሠራተኞች፣ የቪዛ ጉዳይ ኃላፊዋ፣ የመኖሪያ ሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ሁሉም ፎርማቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ከእኛ በር እስከ ደረጃው ድረስ ቆመዋል። ከፊት የቆሙት አማካሪዬ ፕሮፌሰር ሊዩ ነበሩ። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያሻሹታል።

«ምን ነበር?» አልኳቸው።

«ጌታዬ፣ የሕመም ፈቃድ እንዲፈርሙልኝ ነበር። ልቤ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ።»

«መቼ ጀመረዎት?»

«ሰንበትበት ብሏል። ጠዋት ስነሳ ምንም አያመኝም።»

«ደረጃ ሲወጡስ?»

«ምንም» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» አልኳቸው።

«ጌታዬ፣ ከሩቅ ነው የመጣሁት።»

«እኔስ?» አልኩና በሩን ዘጋሁት።

አልደነቀኝም። እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ አገር ነገሮች በቦታቸው የተቀመጡ መሰለኝ።

ወደ ውስጥ ዞር ስል ደስይበለው ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አልጋው እሱ ላይ ተኝቷል። አልጋው ያንኮራፋል።

«ቀስ በል፣ እንዳትቀሰቅሰው» አለኝ ደስይበለው በሹክሹክታ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሸከመኝ ኖሮ ዛሬ ገና ተራው ደረሰው።»

«አይከብድህም?»

«ይከብዳል። ደረቴ ላይ ነው የተጋደመው።»

«ተነስ በቃ፣ ምሳ እንብላ።»

ተነሳ። አልጋውን እንደ ሕፃን ትከሻው ላይ አስደግፎ ወደ ግድግዳው አስጠጋው፤ ብርድ ልብሱን ደረበለት። ከዚያ ምሳ ቤት ነበርን። እንዴት እንደደረስን አላውቅም።

ምሳ ቤቱ ውስጥ አትክልቱ ሁሉ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ተቆልፎበታል። ጎመኑም፣ ካሮቱም፣ ቲማቲሙም ላይ እንደ ሲጋራ ፓኬት የማስጠንቀቂያ ሥዕል ተለጥፏል። ሥዕሉ ላይ አንድም ጥርሳቸው ያልረገፈ የዘጠና ዓመት አዛውንት ይስቃሉ። ከሥሩ «ይህን መብላት ዕድሜ ያስረዝማል» የሚል በቀይ ተጽፏል።

«ግማሽ ኪሎ ጎመን» አልኩት ሻጩን።

ዙሪያውን ቃኘና አንገቱን ወደ እኔ አሰገገ። «መታወቂያ!»

ሰጠሁት። አገላብጦ አየው።

«ስኮላርሺፕ ነህ። ለስኮላርሺፕ አይሸጥም። ለእናንተ የታዘዘላችሁ አለ» አለና ከመስኮቱ ሥር የሐኪም ማዘዣ አወጣ። እንዲህ ይላል፦ «እንዶሚ። በቀን ሦስት ጊዜ። የመጨረሻው በእንቅልፍ ምትክ።»

ማዘዣውን እያነበብኩ ሳለ ደስይበለው በመስታወቱ ስንጥቅ እጁን አሾልኮ አንዲት ቲማቲም ወሰደና ጃኬቱ ውስጥ ደበቃት።

«አብደሃል እንዴ?» አልኩት።

«አንዲት ብቻ ናት። ቡሬ እያለሁ ከጓሮ እየቀጠፍኩ ስበላ ማንም አልያዘኝም።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ቲማቲሟ በቻይንኛ ጮኸች። በሩ ተበረገደና ሁለት አሮጊቶች እየሮጡ ገቡ። እነዚህን አሮጊቶች አውቃቸዋለሁ። በእውነተኛው ዓለም በየማለዳው ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ሙዚቃ ከፍተው፣ ተሰልፈው ይደንሳሉ። እኔና ደስይበለው ዓይናችንን እያሻሸን፣ በቆርቆሮ የታሸገ የኃይል መጠጥ እየተጎነጨን በአጠገባቸው ስናልፍ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ያዩናል። በሕልሜ ግን አላዘኑልንም። አንደኛዋ እኔን፣ አንደኛዋ እሱን በብብታቸው አጣብቀው፣ ሳያለከልኩ፣ እየሮጡ ወሰዱን።

የወሰዱን ወደ ስታዲየሙ ነበር። መሮጫው ላይ የሰባና የሰማንያ ዓመት ሰዎች ይሽቀዳደማሉ። የውጭ አገር ተማሪዎች ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ደረጃው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አሮጊቶቹ ከመካከላቸው አስቀመጡንና ውድድሩን ተቀላቀሉ። ከኔፓል የመጣው ጎረቤታችን አጠገቤ ነበር። ጥርስ የለውም።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አለኝ።

«ሠላሳ አንድ።»

«ዕድሜ ጠግበሃላ! እኔ ሃያ ሦስቴን ካከበርኩ ወዲህ ደረጃ መውጣት ትቻለሁ።»

ከጎኑ ያለች የዛምቢያ ልጅ ሳል እየቆራረጣት ሳቀች። «እኔስ የመመረቂያ ጽሑፌን ለልጅ ልጆቼ አውርሻለሁ» አለች። «አማካሪዬ ምዕራፍ ሁለትን አስተካክይ ብሎኛል። እነሱ ያስተካክሉት።»

ደስይበለው አልሳቀም። ጃኬቱን በእጁ ጨምድዶ ይዟል። «ኤርሲዶ» አለኝ፣ «ቲማቲሟ እዚህ ውስጥ እየዘለለች ነው።»

«ቲማቲሟ ናት?»

«እንጃ።»

በዚህ ጊዜ የድምፅ ማጉያው ተንጫጫ። «ልቡን ያላስመዘገበ የውጭ አገር ተማሪ ቢሮ ቁጥር አንድ ይቅረብ! ያስመዘገበም ይቅረብ! ያልቀረበ ልቡ ወደ አገሩ ይላካል!»

ቢሮ ቁጥር አንድ ጣሪያው ከታች፣ ወለሉ ከላይ ነበር። በአምፖሎቹ መካከል እየተጠነቀቅን ሄድን። ረጅም ጠረጴዛ ላይ የተማሪዎቹ ልቦች በየተራቸው ተቀምጠው ፈተናቸውን ይጠብቃሉ። አንዳንዱ እስክሪብቶ ያኝካል። አንዳንዱ ከጎኑ ያለውን ሊኮርጅ ያጮልቃል። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው የልብ ስፔሻሊስቷ በቅሎ ነበረች። ነጭ ጋውን ለብሳለች። የልብ ማዳመጫው ለረጃጅም ጆሮዎቿ ስላልበቃ የምታዳምጠው በጅራቷ ነው።

«ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት!» አለች።

የደስይበለው ጃኬት ቁልፎች ራሳቸውን አንድ በአንድ ፈቱ። ልቡ ወረደ። ቡጢ የማይሞላ፣ ፊቱ የገረጣ፣ ያልተላጨ ልብ ነበር። የደስይበለውን መልክ ይዟል። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ እግሩ መሬት አልደረሰም። ደስይበለው አጠገቤ ቆሞ፣ የተከፈተ ጃኬቱን በእጁ ሸፍኖ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግብ ወላጅ ይመስል ነበር።

«ስም?» አለች በቅሎዋ።

«የደስይበለው።»

«ዜግነት?»

«እሱ ኢትዮጵያዊ ነው። እኔን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።»

«ለምንድን ነው የምትመታው?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ማን ፈቀደልህ?»

ልቡ አሰበ። «የከለከለኝ አልነበረም» አለ።

በቅሎዋ ራሷን ነቀነቀችና ወደ እኔ ዞረች። «ጥያቄውን አንተ አንብብ። ሥራህ ነው» አለችና ወረቀት ሰጠችኝ።

እውነቷን ነው፤ ሥራዬ ነው። ወረቀቱን አውቀዋለሁ። ፕሮፌሰር ሊዩ የውጭ አገር ተማሪዎች ምን እንደሚበሉ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ሰውነታቸውን ያንቀሳቅሱ እንደሆነና ልባቸው እንዴት እንደሆነ ያጠናሉ። አርባ ሁለት ጥያቄ ያለውን መጠይቅ በየክፍሉ እያንኳኳሁ የማስሞላው እኔ ነኝ። ማንበብ ጀመርኩ።

«በሳምንት ስንት ቀን አትክልት ትበላለህ?»

«ዛሬ አንዲት ቲማቲም ሰርቀን ነበር።»

«ስፖርት ትሠራለህ?»

«ደረጃ እንወጣለን። እሱ ይቆማል፤ እኔ እሮጣለሁ።»

«በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለህ?»

«የሚተኛው እሱ ነው። እኔ አልተኛም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳይወለድ ጀምሮ።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ሌሎቹ ልቦች እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። በቅሎዋ ጅራቷን አቁማ «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያለ አንድ ቀን ዕረፍት!» አለችና የሆነ ነገር ጻፈች።

ቀጣዩ ጥያቄ አሥራ ዘጠነኛው ነበር። ልዘለው ፈለግኩ። ገጹን ባገላብጠው በሌላው ገጽም ያው አሥራ ዘጠነኛው ነው።

«ደረትህን አሞህ ያውቃል?» አልኩ።

ልቡ አንገቱን አዞረና አየኝ። «ለዚህ ሰውዬ ነግሬው ነበር» አለ።

እዚህ ላይ ሕልሙ ሕልምነቱን ረሳ። ይህ ነገር በእርግጥ ሆኗል። ከሦስት ሳምንት በፊት እኔና ደስይበለው ከቤተ ሙከራው ደረጃ ስንወርድ የብረት መደገፊያውን ይዞ ቆመ። ፊቱ ላይ ላብ ነበር፤ ውጪው ግን በረዶ ነው። «ኤርሲዶ፣ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» አለና መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ። «ወደ ክንዴም ይሄዳል።» እኔ የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያው፣ አርባ ሁለቱን ጥያቄ በቃሌ የማውቀው፣ «ጨጓራ ነው» አልኩት። «ባዶ ሆድህን ያን የቆርቆሮ መጠጥ ስለምትጋተው ነው።» ከአገር ቤት ከያዝኩት የጨጓራ ክኒን አንድ ፍሬ ሰጠሁት። አመሰገነኝ። በማግስቱ ቀጠሮ የያዘውን የሕክምና ምርመራ ሰረዘ፤ ከአማካሪው ጋር ስብሰባ ነበረበት፤ ደግሞም ጨጓራ ነው ተብሏል። በዚያው ሳምንት መጠይቁን ስሞላለት አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ እንኳን ቀና ብዬ አልጠየቅኩትም። «አይ» የሚለውን ራሴ አከበብኩለት።

በሕልሜ ላስተካክለው ፈለግኩ። «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ላይ «አይ» ሆኖ ወጣ። ሰረዝኩና እንደገና «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። «አይ» ሆነ። እስክሪብቶውን ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩ። «አይ፣ አይ፣ አይ» እያለ ወረቀቱን ሞላው፤ ከወረቀቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ይበቃል» አለች በቅሎዋ። «እናንተ ሰዎች ዕረፍት የምትሰጡት ለማን ነው? ለጤነኛ። እኛ ደግሞ የምንሰጠው ለጠየቀ ነው።» ተነሳች። አዳራሹ አብሯት ተነሳ። «ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣ ለረጅም አገልግሎትህ ዕረፍት ተፈቅዶልሃል።»

ሁሉም በእግራቸው አጨበጨቡ። ልቡ ከወንበሩ ወረደና አፍሮ ጎንበስ አለ። የትምህርት ቤት ሽልማት ሲቀበል እንደምታዩት ልጅ።

«አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። ጩኸቴ ወደ ውጪ አልወጣም፤ ወደ ውስጥ ገባ። እንደገና ጮህኩ። «እሱ ዕረፍት አልጠየቀም!»

«ልቡ ጠይቋል» አለች በቅሎዋ ሳትቆጣ። «አንድ ጊዜም አይደለም።»

ደስይበለው ትከሻዬን ያዘኝ። ፊቱ እንደዚያ አርፎ አይቼው አላውቅም። «ምን ያንጨረጭርሃል፣ ኤርሲዶ?» አለኝ። «ዕረፍት እኮ ነው።»

«ለስንት ቀን?» ብዬ በቅሎዋን ጠየቅኳት። «ለስንት ቀን ነው? እዚህ ላይ ይጻፍ!»

በቅሎዋ የፊት ኮቴዋን ቀለም ነክራ ወረቀቱን መታችው። ማኅተሙን አየሁት። የቀኑ ቦታ ባዶ ነበር። ልጠይቃት አፌን ስከፍት ከኋላዬ አንዲት ሴት «አ ሺ ዱ! አ ሺ ዱ!» እያለች ስሜን ጠራችው።

ነቃሁ።

ስሜን የጠራችው ነርሷ ነበረች። ከከተማው ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ከድንገተኛ ክፍል ፊት ለፊት፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ደስይበለውን ጠዋት ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ከማሽኑ አጠገብ፣ ወድቆ አግኝተውት ነበር ያመጡት። እኔ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ።

ከነርሷ ጀርባ ሐኪሟ ቆማለች። ወጣት ናት፤ ከእኔ የምታንስ። ጭምብሏን ወደ አገጯ አውርዳለች።

«ቤተሰቡ ነህ?» አለችኝ።

«ወንድሙ ነኝ።»

እንዲገባኝ ብላ ቀስ ብላ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየች ነገረችኝ። ሁሉም ገባኝ። ቻይንኛ ባልተማርኩ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው። የልቡ ዋና የደም ሥር ተዘግቶ ነበር አለች። የቆየ ነገር ነው አለች። ቀደም ብሎ ቢመጣ፣ አለችና ፊቴን አይታ ተወችው። ጎንበስ አለችልኝ። ከዚያ ነርሷ በፌስታል ያለ ዕቃ ሰጠችኝ፤ ጫማው፣ የክፍላችን ቁልፍ፣ ስልኩ።

ስልኩ ፌስታሉ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ነበር። አወጣሁት። «እማዬ» ይላል። አላነሳሁትም፤ ጠርቶ ጠርቶ ጠፋ። ወዲያው የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጠራ።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ አዝማድ፣ የዕድር ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር ላይ ቆሞ ነው የሚረዳው። ቡሬ ውስጥ ማንን እንደምጠራ አላውቅም። አንድም ሰው አላውቅም፤ ከእሷ በቀር። አነሳሁት።

«ኤርሲዶ ልጄ! እማማ ስመኝ ነኝ።»

«አወቅኩዎት እማማ። እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደስዬ ምነው ስልኩን አላነሳ አለኝ? ከተነሳሁ ጀምሮ ብደውል ብደውል።»

ከፊት ለፊቴ የጽዳት ሠራተኛው ወለሉን ይወለውላል። እግሬን እንዳነሳለት በምልክት ጠየቀኝ። አነሳሁለት።

«ተኝቷል እማማ» አልኳት።

«በቀን?» አለች። ልቤ ቆመ። «እሰይ! እሰይ ይተኛ! እንቅልፍ አጥቶ ሊያልቅብኝ ነው እያልኩ ስፈራ። አትቀስቅሰው በል። ነገሩ ለእሱ ልነግረው ነበር። ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመረመርኩልህ።»

«ምን አሉዎት?»

«ደም ብዛት አለብሽ አሉኝ። ከፍ ብሏል አሉኝ። አትደንግጪ፣ አትናደጂ፣ ከባድ ነገር አትስሚ ብለው ክኒን ሰጡኝ። እንግዲህ እዚህ ቤት ማን ያስደነግጠኛል? ዶሮዎቹ ካልሆኑ» ብላ ሳቀች። «እሱ ባለፈው በስልክ ጨው ተይ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነበር። እኔም እንቢ ስለው። አሁን ግን ተውኩት፤ ይኸው አራት ቀኔ ነው። ወጡ አፍ ላይ አይጥምም፣ ግን ችዬዋለሁ። ሲነሳ ጨው ተወች በልልኝ። ደስ ይለዋል።»

«እሺ እማማ።»

«ትነግርልኛለህ?»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።